ልብስ ሰፊው ሲለካ

ሚስቴ ጠዋት የሾርባ ሳህን ይዛ ሳሎን ስትገባ፣ እኔ ወለሉ ላይ በጀርባዬ ተንጋልዬ፣ ሁለት እጆቼን ከራሴ በላይ ዘርግቼ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ ሆዴን ወደ ውስጥ ውጬ፣ ጣሪያ ጣሪያውን ሳይ አገኘችኝ። ምን እንደመሰላት አላውቅም፤ ብቻ ሾርባው ጠረጴዛው ላይ እስኪደርስ ግማሹ ምንጣፉ ላይ ቀረ። "ምን ሆንክ?" አለች። ሆዱን የያዘ ሰው መናገር አይሆንለትምና ዝም አልኩ። ዝምታዬ ነገሩን አባሰው፤ ጮኸች። ያኔ ትንፋሼን ለቅቄ፣ "ስፖርት እየሠራሁ ነው" አልኳት። ዕድሜ ልኩን ከስፌት መኪና ፔዳል በቀር ምንም ረግጦ የማያውቅ፣ ያውም ሳንባው ላይ ዕጢ ተገኝቶበት ጨረር የሚታከም ሰው፣ በጠዋት ስፖርት! ጎንበስ ብላ ምንጣፉን መጥረግ ጀመረች። እያለቀሰች መሆኑን ከትከሻዋ አወቅሁ።

ትንሽ ቆይታ ከወጥ ቤት ለልጃችን ስትደውል ሰማኋት። የቤታችን ግድግዳ ምስጢር አይችልም፤ ጎረቤት ሲያስነጥሰው ይማርህ የምንለው እኛ ነን። "ሥጋው አልቋል ልጄ" አለች። "ትናንት ጨረር ሊሰጡት ቢያስተኙት፣ ማሽኑ ራሱ አላወቀውም አሉ። በልኩ የተሠራለት ፍራሽ ውስጥ አልገጥም ብሎ መለሱት። ዛሬ ደግሞ ዶክተሩ ቤተሰብ ይዞ ይምጣ ብሏል። ቤተሰብ ይዞ ይምጣ ሲሉ ምን ማለት እንደሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ።" ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ሱሪው እንኳ ወገቡ ላይ አልቆም ብሏል" ብላ ጨመረች።

ሱሪው ላይ ስትደርስ ዓይኔን ጨፈንኩ። ምክንያቱም አልከሳሁም። እንዲያውም ወፍሬያለሁ። ይህች ሴት ከታመምኩበት ቀን ጀምሮ እንቁላል የወርቅ ዋጋ ባወጣበት ዘመን በእንቁላል፣ በሾርባና በወተት ስታሳድደኝ ወገቤ ሰፋ፤ ኪሱ ሜትር የማያጣ ሰው ስለሆንኩም ይህን ከማንም ቀድሜ አውቄዋለሁ። እሷ ቁልፍና ክር ልትገዛ ስትወጣ ጠብቄ የሱሪዎቼን ወገብ ሁሉ ተርትሬ አሰፋሁ። ልብስ ሰፊ ለራሱ ሲሆን እጁ አይቆጥብም፤ ከሚገባው በላይ ለቀቅኳቸው። እንግዲህ ሚስቴ ያየችው የሚያልቅ ባል ሳይሆን የሚያበዛ ልብስ ሰፊ ነው። ወጥ ቤት ገብቼ ይህን ብነግራት በአንዴ በተገላገልን ነበር። ግን ሱሪውን ካመንኩ ፍራሹንም ማመን ሊኖርብኝ ነው፤ ፍራሹን ማመን ደግሞ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ከዕጢው በላይ ከበደኝ።

ፍራሽ የሚሉት ነገር እንዲህ ነው። ጨረሩ በየቀኑ ያው አንድ ቦታ ላይ ማረፍ ስላለበት ሕመምተኛውም በየቀኑ አንድ ዓይነት መተኛት አለበት። ለዚህም በመጀመሪያው ቀን ትንንሽ ፍሬ የተሞላ ትልቅ ሰማያዊ ከረጢት ላይ ያስተኙሃል። ከዚያ አየሩን በፓምፕ ሲስቡት ከረጢቱ በጀርባህና በጎንህ ዙሪያ ይደርቅና ቅርጽህን ይዞ ይቀራል። ከዚያ ወዲያ ስትመጣ እዚያው ጉድጓድህ ውስጥ መግባት ነው። እነሱ ፍራሽ ይበሉት እንጂ እኔ ገና ሳየው ኮት መሆኑ ገባኝ፤ ፊት የሌለው፣ ጀርባ ብቻ ያለው ኮት። ልክ ወሳጇ ወጣት ባለሙያ ናት፤ ነጭ ጋውን የለበሰች፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ ያሰረች። "ሸሚዝዎን ያውልቁ፣ አባባ" አለችኝ።

አባባ! እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እኔ ጋሼ ነበርኩ። ሰፈሩ ጋሼ ይለኛል፣ ደንበኛው ጋሼ ይለኛል፣ የሱቁ አከራይ እንኳ ሲቆጣኝ "ጋሼ፣ እንዲህ አይሆንም" ነው የሚለው። ወደ አባባነት ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ነው የተሸጋገርኩት፣ ያውም ሸሚዜን አውልቄ። የሆነውን ሳላስበው ሆነ። ደረቴ ተነፋ፣ ሆዴ ገባ፣ ስፌት ላይ ስጎብጥ የኖርኩት ሰውዬ ጀርባዬን ቀስት አደረግሁት። "ዘና ብለው እንደ ልብዎ ይተንፍሱ" ትለኛለች ልጅቱ። እኔ በደረቴ ጫፍ እንደ ድመት ትንሽ ትንሽ እየተነፈስኩ ፓምፑ ሥራውን እስኪጨርስ ጸናሁ። ከረጢቱም ደረቀ። ያ ሁሉ ውሸት ከነትከሻው ድንጋይ ሆኖ፣ የኔ ተብሎ፣ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ።

ሰው ቢሰማ ምን ይላል? እኛ እኮ በዚህ ነገር ስንስቅ ነው የኖርነው። ሱቃችን ውስጥ፣ ሜትር ወገቡ ላይ ሲያርፍ ሆዱን የሚያስገባውን ወንድ ጀግና እንለዋለን። ሚስቴ ጥግ ላይ ቁልፍ እየተከለች አንገቷን ሳታቀና "ጀግና መጣ" ትለኛለች፤ ከንፈሬን ነክሼ እለካለሁ። ዘዴም አለኝ። "ልጆች እንዴት ናቸው?" እላለሁ። ስለ ልጁ እያወራ ሆዱን መያዝ የሚችል አባት እስካሁን ሱቃችን አልመጣም፤ ሁለት ቃል ሳይናገር ሆዱ ሜትሬ ላይ ይወድቃል። ከዚያ የወጣሁ ሰው ነኝ እንግዲህ ለሕክምና የሚሆን ልክ ስሰጥ ጀግና የሆንኩት። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኼ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ችግር አልነበረም። በየዕለቱ ፍራሹ ላይ ስወጣ ያንኑ ደረት እነፋ፣ ያንኑ ሆድ እይዝ ነበር፤ ማሽኑ ዞሮ እስኪጨርስ እችለዋለሁ። ልጅቱም "እንዴት ያለ ጎበዝ ነዎት፣ ንቅንቅ አይሉም" ትለኛለች፣ እኔም እኮራለሁ። በኋላ ግን ጨረሩ ማድከም ጀመረ። ሳሉም መጣ። ጠዋት ጫማዬን ሳስር የሚያልበኝ ሰው ሆንኩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ የያዝኩት ሁሉ ከእጄ ወጣ። ደረቴ እንደ ድሮው አልነሳ አለ፣ ትከሻዬና ፍራሹ ተለያዩ። እንግዲህ ሳሎን ወለል ላይ የተገኘሁት ያንን ሰውዬ ፍለጋ ስለማመድ ነው።

ወንድም ጋሼ ታክሲ ይዞ መጣ። ታላቄ ነው፤ ቁጥብ፣ ጭምት፣ በቀን ከአሥር ቃል በላይ የማያወጣ። ከታመምኩ ወዲህ ለሕፃን እንደሚያወሩት ድምፁን አለስልሶ ነው የሚያናግረኝ፤ ለሌላ ሰው ስለ እኔ ሲናገር ደግሞ "ነበር" ማለት ጀምሯል። "ይኼ ልጅ እጁ ወርቅ ነበር" አለው ለታክሲው ሾፌር፣ እኔ ከኋላው ተቀምጬ። ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝና ከንፈሩን መጠጠ። ሚስቴ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አቅፋ በመስኮት ታያለች። መንገዱ እንደ ሌላው ቀን ተዘግቷል፤ ሾፌሩ ስለ ነዳጅ ዋጋ ያማርራል።

መብራቱ ላይ ስንቆም ወንድም ጋሼ ጉሮሮውን ጠረገ። "እንዲያው... ካልከበደህ" አለ። "ያቺ ኮቴ።"

ኮቱ ሱቄ ውስጥ ከተንጠለጠለ ቆይቷል። ያልጨረስኩት በስንፍና አይደለም። ሲለካ እሱም ጀግና ነበር፤ ሚስቴ አንገቷን ደፍታ ስትስቅ አይቻታለሁ። ታላቅ ወንድምህን ደግሞ ሆድህን ልቀቅ አትለውም። "ልጆች እንዴት ናቸው?" ብለውም "ደህና" ብሎ በአንድ ቃል ዘጋኝ፤ ዘዴዬ ያልሠራበት ሰው እሱ ብቻ ነው። በያዘው ሆድ ልክ ቆረጥኩት፣ ሳስሞክረው ቁልፉና ቀዳዳው ተኳርፈው ቀሩ፣ እኔም "ትንሽ ይቀረዋል" እያልኩ ሰቀልኩት። እሱም ጠይቆኝ አያውቅም። ዛሬ ጠየቀ። "ምነው፣ ምን አስቸኮለህ?" አልኩት። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ኮቱ ጥቁር ነው። ሰው ጥቁር ኮት ድንገት የሚያስፈልገው መቼ እንደሆነ ከልብስ ሰፊ በላይ የሚያውቅ የለም። ለራሴ ቀብር ልሰፋ ነው ማለት ነው አልኩ በልቤ፣ ያውም በነፃ፤ ከወንድም አይቀበሉ።

የሆስፒታሉ መጠበቂያ ክፍል ምድር ቤት ነው። ወንበሮቹ እርስ በርስ ስለተበየዱ አንዱ ሲነሳ ሌላው ይወዛወዛል። ድምፁ የተዘጋ ቴሌቪዥን ግድግዳው ላይ አለ፤ ሁሉም ያየዋል፣ የሚያየው ግን የለም። ከአጠገባችን የተቀመጡ ሴትዮ ሚስቴን "የት ነው እንቁላል የምትገዢው?" ብለው ጠየቋት፤ ዋጋ ተነጋገሩ፣ ሁለቱም አፋቸውን ያዙ፣ ከዚያ ሴትዮዋ ወደ እኔ አየት አድርገው ድምፃቸውን ቀነሱ። ወንድም ጋሼ ቆሞ ኮሪደሩን ይጠብቃል። እኔ በበኩሌ ማንም ሳያየኝ ደረቴን ነፋ፣ ሆዴን ሳብ አድርጌ ጉልበቴን እለካለሁ። ሳሌ መጣና አስጣለኝ።

የጨረሩ ክፍል በር ከግድግዳ የወፈረ ነው፤ ውስጡ ይበርዳል። ሸሚዜን አውልቄ ፍራሼ ላይ ወጣሁ፣ ልጅቱ ከራሴ በላይ ያለውን መያዣ አስያዘችኝ። ደረቴና ጎኖቼ ላይ በመርፌ የተነቀሱልኝ ትንንሽ ነጥቦች አሉ፤ ከጣሪያና ከግድግዳ የሚመጣው ቀይ መስመር በእነዚያ ላይ ማለፍ አለበት። እሷ ጎኔን ይዛ ገፋ ታደርገኛለች፣ እኔ እሷን ልረዳ ብዬ ራሴን ጎተት አደርጋለሁ። "አይርዱኝ አባባ" አለችኝ፤ በየቀኑ የምትለኝ ናት። "እንደ ጆንያ ይሁኑልኝ። እኔ ነኝ የማንቀሳቅስዎት።" ጆንያ መሆን ቀላል መሰላት! መስመሩ ነጥቡን በጣት ስፋት ስቷል። እንደገና ሞከረች። ስትወጣ ማሽኑ ዙሪያዬን እየዞረ ፎቶ አነሳ፣ ተመልሳ አስተካከለች፣ እንደገና ወጣች። ያለ የሌለ ኃይሌን አሰባስቤ ያንን ሰውዬ ልሆን ሞከርኩ፤ ሳሉ ደረቴ ላይ ሲፈነዳ ሁሉም ነገር ፈረሰ። በድምፅ ማጉያው፣ "አባባ፣ ላውርድዎት ነው" አለች፤ ድምፅዋ ሐዘን ነበረበት።

ዶክተሩ ክፍል ውስጥ ሦስት ሆነን ገባን፤ ልጅቱም መጥታ በሩ አጠገብ ቆመች። ዶክተሩ ኮምፒውተሩን ወደ እኛ አዞረ። የኔ ነው የተባለ ግራጫ አጥንት በሁለት መልኩ ጎን ለጎን ተቀምጧል። "ይኼ የመጀመሪያው ቀን ነው፣ ይኼ የዛሬው" አለ። "አይገናኙም። ጀርባዎ ያኔ ቀና ያለ ነበር፣ አሁን ወርዷል፤ ደረትዎም እንደዚያው። እንዲህ ሆነው ጨረር ብንሰጥዎት የምናቃጥለው ዕጢውን ሳይሆን ጤነኛውን ሳንባ ነው፣ አጠገቡም ልብ አለ። እንዲህ ያለ ለውጥ በአጭር ጊዜ ስናይ የምንፈራው አጥንቱን ነው። ወደ አከርካሪ ተዛምቶ ከሆነ..." አለና ሚስቴን አየ፣ ንግግሩንም አሳጠረ። "ሌላ ምርመራ ያስፈልጋል። እስከዚያ ጨረሩን እናቆማለን። የምርመራው ወረፋ ደግሞ ቅርብ አይደለም።"

"እስከዚያ ዕጢው?" አለች ሚስቴ።

"ዕጢው ወረፋ አይጠብቅም፣ እናቴ።"

ወንድም ጋሼ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገ፤ የሟች ቤተሰብ ትከሻ ላይ እንደሚጣለው ነው። ሚስቴ የቦርሳዋን ዚፕ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፣ ትከፍታለች። ምርጫው ፊቴ ተቀመጠ፦ ወይ እንደ ጀግና መሞት፣ ወይ እንደ ሞኝ መዳን። እውነቱን ለመናገር፣ አሰብኩበት። ልጅቱ እዚያው ቆማለች፣ ወንድሜ አለ፣ ሚስቴ አለች፣ ሁሉም አዝነውልኛል፤ እንዲህ በአንድ ጊዜ የተከበርኩበትን ቀን አላስታውስም። የቦርሳው ዚፕ ግን አላቋርጥ አለ። ሚስቴ የምትከፍተው የምታወጣው ነገር ኖሯት አይደለም፤ እጇ የሚይዘው ቢያጣ ነው። አልቻልኩም።

"ዶክተር" አልኩ። "አጥንቴ ምንም አልሆነም። ሆዴን ይዤ ነበር።"

"ምን አሉ?"

"በመጀመሪያው ቀን። ፍራሹ ሲሠራ። ይህች ልጅ አባባ ስትለኝ ጊዜ ደረቴን ነፋሁ፣ ሆዴን ወደ ውስጥ አስገባሁ። ፓምፑ እስኪያበቃ አልለቀቅኩም። ፍራሹ የኔ አይደለም። የዚያ መሆን የምፈልገው ሰውዬ ነው።"

ዶክተሩ ልጅቱን አየ። ልጅቱ ጣሪያውን አየች፣ ከንፈሯን ነክሳ። ሚስቴ ዚፑን አቆመች። ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች።

"ሱሪውስ?" አለች።

"እኔው ነኝ ያሰፋሁት።"

"አሰፋኸው?"

"በሾርባሽ ምክንያት።"

መጀመሪያ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ትከሻዋ እንደ ጠዋቱ ነው የተንቀጠቀጠው። ከዚያ ድምፅዋ ወጣ። "ጀግና!" አለች፣ "አንተም ጀግና! በእኔ ሞት! ጀግናው ቤቴ ውስጥ ነበር ለካ!" ሳቋ ከታመምኩ ወዲህ ያልሰማሁት ሳቅ ነው፤ ጠረጴዛውን ተደግፋ እስኪያሳልሳት ሳቀች። ምን እንደሚያስቃት ከእኔ በቀር የገባው የለም። ወንድም ጋሼ ተጨንቆ ውኃ ሊገዛ ወጣ። ዶክተሩ ሳቋ እስኪበርድ ጠበቀና ግንባሩን በሁለት ጣት አሸት አሸት አደረገ። "ያለፉት ቀናት ፎቶዎች ከዕቅዱ ጋር ይገጥሙ ስለነበር ጉዳት አልደረሰም" አለ። "ያንን ትዕግሥትዎን ግን እንዴት እንደምጠራው አላውቅም። ዛሬውኑ አዲስ ፍራሽ ይሠራልዎት፤ ዕቅዱን ከሥሩ እንሠራዋለን። ከእንግዲህ የምናክመው እርስዎን ነው፣ ያንን ሰውዬ አይደለም።"

ከሰዓት በኋላ አዲሱ ከረጢት ላይ ወጣሁ። እጆቼን ወደ ላይ ዘረጋሁ። "እሺ አባባ፣ አሁን ልቅቅ ይበሉ" አለች ልጅቱ። ለቀቅሁ። መዳፏን ትከሻዬ ሥር አስገባችና ቆየት አለች። "አባባ፣ ትከሻዎ እኮ አየር ላይ ነው።" "ለቅቄያለሁ" አልኳት። "ሆድዎም አልወረደም።" "ልጄ ትሙት ለቅቄያለሁ!" አሁን ውሸቴን አልነበረም፤ እንዲወርድ አዝዤዋለሁ፣ እሱ ግን አይታዘዘኝም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ከወረቀት ብሼ ተገኘሁ። በልጅቱ ፊት እንደገና አፈርኩ፣ ሳፍር ደግሞ የባሰ ተወጠርኩ። ቢቸግራት ሚስቴን ጠራቻት።

ሚስቴ በራስጌዬ በኩል ቆመች። ተገልብጣ ነው የምትታየኝ። ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ ቁርጥ በኔ ድምፅ፣ "ልጆች እንዴት ናቸው ጋሼ?" አለችኝ። ሳቅሁ። ግን የራሴን ወጥመድ እያወቅሁ እንዴት ልግባበት? ሆዴ ንቅንቅ አላለም። ልጅቱ ከረጢቱን ጎሰም ጎሰም እያደረገች ጠበቀች። ሚስቴ መያዣውን የጨበጡትን ጣቶቼን በእጆቿ ሸፈነቻቸው። እጆቿ ክር ሲጎትቱ የኖሩ፣ ጫፋቸው የሻከረ ናቸው። ጎንበስ አለች።

"ፈራህ እንዴ?" አለችኝ።

ይህን የጠየቀኝ አልነበረም። በላህ ወይ፣ ተኛህ ወይ፣ ተሻለህ ወይ ያላለኝ የለም፤ እኔም ለሁሉም ደረቴን ነፍቼ መልሻለሁ። አሁንም አፌ ላይ የመጣው "ምን ያስፈራኛል!" ነበር።

"በጣም" አልኳት።

"እኔም" አለች።

ያኔ ወረደ። ማንም ሳያዝዘው ሆዴ ወረደ፣ ደረቴ ወረደ፣ ቀኝ ትከሻዬ መቀስ ስጨብጥ የኖርኩበትን ያህል ዘመም ብሎ ከረጢቱ ውስጥ ሰመጠ፣ ጀርባዬ መኪናዬ ላይ እንደሚጎብጠው ጎበጠ። እንባዬ ተጋድሜ ስለነበር ወደ ጆሮዬ ፈሰሰ፤ እጆቼ ከራሴ በላይ ስለነበሩ ልጠርገው አልቻልኩም። ልጅቱ ፓምፑን አበራች።

ስነሳ ዞር ብዬ ፍራሹን አየሁት። አንዱ ትከሻ ዝቅ ያለ፣ ጀርባው የጎበጠ፣ ወገቡ የተንሰራፋ። እንዲህ ያለ ቁመና ይዞ ሱቄ የሚመጣ ደንበኛ ቢኖር ኮቱን እንዴት እንደማሳምርለት ስጨነቅ ባደርኩ ነበር። ግን በእጄ መሐል ለመሐሉ ዳበስኩት፤ የሚጠበብ የለውም፣ የሚሰፋም የለውም። ዕድሜዬን ሁሉ ሰው ስለካ ኖሬ፣ ለእኔ አንድ ሰው በልኬ ሲሠራልኝ ይኼ የመጀመሪያዬ ነው።

"ተስማማዎት፣ አባባ?" አለች ልጅቱ።

"ልክ ነው፣ ልጄ" አልኳት።

ኮሪደሩ ላይ ወንድም ጋሼ የገዛውን የውኃ ጠርሙስ በሁለት እጁ ይዞ እዚያው እንደቆመ ነው። "እ?" አለ። ሚስቴ ነገረችው፤ አጥንቴ ደህና መሆኑን፣ ሕክምናው እንደሚቀጥል፣ ሌላው ሁሉ የወንድምህ ሞኝነት ነው ብላ። ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ውኃውን ሰጠኝና ወደ መውጫው ጉዞ ጀመረ። ተከተልኩት።

"ኮትህን በዚህ ሰሞን እጨርሰዋለሁ" አልኩት።

ቆመ። ዞሮ አላየኝም። "ይቆይ" አለ። "ምን አስቸኮለህ። ይቆይልኝ። ጨርሶ ባይደርስም ግድ የለኝም።"

"አይ፣ እጨርሰዋለሁ። ለኔ ለቅሶ ግን አትለብሰውም።"

አሁን ዞረ። ጆሮው እስኪቀላ አፍሯል። ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ ታላቅ ወንድሜን የማዘዝ ድፍረት መጣብኝ። "ለማንኛውም እንደገና ትለካለህ" አልኩት፤ "ያኔ ሆድህን ይዘህ ነበር።" "እኔ?" አለ። "አንተ" አልኩት። ሚስቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሰው ይተላለፋል፣ ወንድም ጋሼ ወገቡን በኮሪደር መሐል ለመለካት የሚመች ሰው አይደለም፤ ግን ክንዱን ከፍ አደረገልኝ። ሜትሬን ከኪሴ አወጣሁና ጎንበስ ብዬ ወገቡ ላይ አዞርኩት። እንደፈራሁት ይዞታል። ሆዱ እንደ ጣውላ ነው።

"ልጆች እንዴት ናቸው?" አልኩት፣ ከልማድ ነው።

"ልጆቹማ ደህና ናቸው" አለ። "አንተን ነው እንጂ..." ድምፁ ተሰበረ፣ ሆዱም ሜትሬ ላይ ወደቀ።